ባህር ለሚገባ ቢላ አመራረጥ፦ ከስለቱ በፊት ስንጥቁን እዩ

ጅማ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ቢላ እየሳለ የሚሸጥ ሰው ስለ ባህር ምን ያውቃል የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ከተማችን ከጨው ውሃ ሩቅ ናት። ቢላው ግን እኔ ዘንድ ይመጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠሩ፣ መርከብ ላይ የተቀጠሩ፣ ዛንዚባር ለእረፍት ወርደው መጥለቅ ተምረው የመጡ ሰዎች ዘመድ ጥየቃ ሲመለሱ "እስቲ ይሄን እየው" ብለው ያስቀምጡልኛል። የእህቴ ልጅም ታጁራ ባህረ ሰላጤ ላይ ጎብኚ ይዞ በሚወጣ ጀልባ ላይ ጠላቂ ነው። አገር ቤት በገባ ቁጥር የጓደኞቹን ቢላ ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል። ስለዚህ ባህር ብረት ላይ የሚሠራውን ሥራ ከብዙ ሰው በላይ በቅርብ አያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ሁሉ ቢላ የተረዳሁትን አስቀድሜ ልናገር። ሰው ሲገዛ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ ብልጭታውን አይቶ ይከፍላል። ዝገቱ የሚጀምረው ግን እጀታውና ብረቱ ከሚገናኙበት፣ ከብሎኑ አንገት ሥር፣ ከአፎቱ ሆድ ውስጥ ነው። ስንጥቅ የምለው እንዲህ ያለውን ጠባብ ክፍተት ነው። ዓይን የማያርፍበትን ቦታ ያላየ ገዢ ውድም ይግዛ ርካሽ ያው ነው፣ ዓመት ሳይሞላ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ቢላው ምን ሊቆርጥ ነው?

የእህቴ ልጅ በሚሠራበት አካባቢ፣ አርታ ባህር ዳርቻ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። ጎብኚው እግሩ ላይ የታሰረውን ቢላ ሲያይ "ለእሱ ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል አሉ። ዌል ሻርክ ደቃቅ የባህር ነፍሳትና ትናንሽ ዓሣ የሚበላ ፍጥረት ነው፣ ከሰው ጋር ጉዳይ የለውም። ጠላቂን የሚይዘው ሌላ ነው፦ አጥማጅ ጥሎት የሄደ የናይሎን ክር፣ ተቀዶ የቀረ መረብ፣ ከጀልባ የወደቀ ገመድ። የናይሎን ክር ውሃ ውስጥ አይታይም። ሰውዬው እግሩ አልነሳ ሲለው ነው የሚያውቀው። ያን ጊዜ ቢላው በአንድ እጅ ተመዝዞ ክሩን በጥቂት ጉተታ መቁረጥ አለበት። ሌላው ሥራ ትንሽ ነው፤ በእጀታው ጫፍ የአየር ሲሊንደሩን መታ መታ አድርጎ ጓደኛን መጥራት ይቻላል።

ይህን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሹ አለቀ። ለክርና ለገመድ የሚሆን ቢላ ጥርስ ያስፈልገዋል፣ ቢያንስ ከስለቱ ግማሽ። የረጠበ ገመድ በልሙጥ ስለት ላይ ይንሸራተታል፣ ጥርስ ግን ነክሶ ይይዘዋል። ጫፉ ደግሞ ሹል ባይሆን ይመረጣል። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ልብስ፣ የአየር ቱቦውን ወይም የጓደኛውን ጭን ይወጋል። ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ቢላ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ውሃ ውስጥ ግን ለባለቤቱ አደጋ ነው። ርዝመቱም አያታልላችሁ። ስለቱ ከአንድ መዳፍ ካልበለጠ ይበቃል፤ ካራ የሚያህል ነገር ጭን ላይ ማሰር መንቀሳቀሻ ማሳጣት ነው።

አንድ ነገር ለአካባቢዬ ሰዎች። ጊልገል ጊቤ ግድብ ላይ ቆሮሶ የሚያጠምዱ ልጆች ይህን ሰምተው ውድ ብረት ፍለጋ እንዳይነሱ። የእነሱ ውሃ ጨው የለውም። ተራ የማይዝግ ቢላ፣ ከሥራ በኋላ ታጥቦ ከደረቀ፣ ለዓመታት ያገለግላቸዋል።

ጨው ብረቱን እንዴት ይበላዋል?

ብረት የማይዝግ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሊኖረው ይገባል። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ በጣም ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ብረቱን የሚጠብቀውም እሱ ነው። ቢጫር እንኳ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ወዲያው መልሶ ይሸፈናል። በ1913 እ.ኤ.አ. ሃሪ ብሬርሊ ሼፊልድ ውስጥ ያቀለጠው ብረት 12.8 በመቶ ክሮሚየም ነበረው። ሼፊልድ የቢላ ሠሪዎች ከተማ ስለሆነች ብረቱ ቶሎ ወደ ገበታ ቢላ ገባ። ልብ በሉ፣ ለገበታ ነው። ለባህር አልታሰበም።

የባህር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው ይይዛል፣ ቀይ ባህር ወደ ሰሜኑ ጫፍ ወደ 40 ይጠጋል። ከጨው ውስጥ ክሎራይድ የሚባለው ነው ጠላቱ። ያንን ስስ ሽፋን በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። ላዩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቡናማ ነጥብ ታያላችሁ፣ ውስጡ ግን ጉድጓድ ነው። ስንጥቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እጀታ ሥር የገባ ጨው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቅበታል፣ ሽፋኑ ራሱን የሚጠግንበት ያጣል፣ ክሎራይዱ እዚያው ይጠራቀማል። ላዩ መስታወት መስሎ ውስጡ የሚበላው ለዚህ ነው።

ሰው የማይጠረጥረው ነገር ደግሞ አለ። ቢላው በብዛት የሚዝገው ውሃ ውስጥ እያለ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ነው። ሳይታጠብ የደረቀ የባህር ጨው ደረቅ መስሎ ይታያል እንጂ አይደርቅም። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ውሃ ከአየር ስቦ ይቀልጣል። የባህር ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ ገና 33 በመቶ አካባቢ ላይ መርጠብ ይጀምራል። ጅማን የምታውቁ ክረምቱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ ይሻግታል። ጅቡቲ ላይ ሳይታጠብ ሻንጣ የገባ ቢላ እዚህ መጥቶ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ዝገቱን ይቀጥላል። ባለቤቱ "ባህር ላይ ደህና ነበር፣ እዚህ ነው የዛገው" ይለኛል። እውነቱን ነው።

ስለ ብረቱ ዓይነት

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ሻጭ የሚያምታታው በዚህ ነው።

ቢላ ስለቱ እንዲቆይ መጠንከር አለበት። ጥንካሬውን በብዛት የሚሰጠው ካርቦን ነው። ካርቦን ግን ክሮሚየሙን ይዞ ያስቀረዋል፣ ተይዞ የቀረ ክሮሚየም ደግሞ ሽፋን አይሠራም። ስለዚህ በተለመዱት ብረቶች ላይ ስለት የሚያቆየው ነገርና ዝገት የሚከላከለው ነገር ይሻማሉ። "እንዲህ ያለ ክሮሚየም አለው" ብሎ የሚነግራችሁ ሻጭ ካርቦኑን ካልነገራችሁ ግማሹን ደብቋችኋል።

440ሲ የሚባለውን የማይዝግ ብረት ለምሳሌ ውሰዱ። ክሮሚየሙ ከ16 እስከ 18 በመቶ ነው፣ ሲሰሙት ያስተማምናል። ካርቦኑ ግን ወደ 1 በመቶ ነው። ለወጥ ቤትና ለአደን ጥሩ ብረት ነው፣ ስለቱ ይቆያል። ባህር ውስጥ ግን ከእሱ ያነሰ ክሮሚየም ያለው፣ በርካሽ የሚሸጠው 420 ይበልጠዋል። 420 ክሮሚየሙ ከ12 እስከ 14 ነው፣ ካርቦኑ ግን ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ክሮሚየሙ በአብዛኛው ነጻ ነው። ስለቱ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ይደንዝዝ። በድንጋይ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ለጠላቂ የሚሸጡ ብዙ ቢላዎች ከ420 ወይም ከዘመዶቹ የሚሠሩትም ለዚህ ነው።

304ና 316 የሚባሉት ሌላ ወገን ናቸው። 304 ድስትና የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ የሚሠራበት ነው። 316 ደግሞ ሞሊብደነም የሚባል ማዕድን ከ2 እስከ 3 በመቶ ስላለው ጨውን በደንብ ይቋቋማል፣ የጀልባ ዕቃ የሚሠራበት ነው። ሁለቱም እንደ ቢላ ብረት በእሳት ተግለው ሲነከሩ አይጠነክሩም። ከእነሱ የተሠራ ልሙጥ ቢላ መረብ መቁረጥ ሲጀምር ስለቱ ይታጠፋል። ጥርስ ካለው ለክር ይሆናል፤ ያለጥርስ ከሆነ ግን የቁልፍ ማንጠልጠያ አድርጉት።

መካከለኛው መንገድ የጀርመን ወጥ ቤት ቢላዎች የሚሠሩበት 1.4116 ነው፤ 0.5 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ 15 በመቶ ክሮሚየም፣ ትንሽ ሞሊብደነም። ጀልባ ላይ ዓሣ ለሚገነጥል ሰው ከዚህ በላይ አልመክርም። የስዊድኑ 14ሲ28ኤንም ጥሩ ነው፣ ከካርቦኑ ጥቂቱን በናይትሮጅን ተክተውለታል።

ናይትሮጅን ነው ነገሩን የቀየረው። ብረቱን ያጠነክራል፣ ክሮሚየሙን ግን እንደ ካርቦን አይሻማም። የጃፓኑ ኤች ዋን ካርቦኑ ከ0.15 በመቶ አይበልጥም፣ ኒኬልና ናይትሮጅን አለው። የአሜሪካው ቢላ ሠሪ ስፓይደርኮ ሶልት ብሎ የሚሸጣቸው ቢላዎች የታወቁት በዚህ ብረት ነው። ኤልሲ 200ኤን ወይም ክሮኒዱር 30 የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ ለአውሮፕላንና ለጠፈር መሣሪያ ኩሽኔታ የታሰበ ነው፤ 15 በመቶ ክሮሚየም፣ 0.3 ካርቦን፣ 0.4 ናይትሮጅን። ከነዚህ አንዱን የእህቴ ልጅ አለቃ ይዞት መጥቶ ነበር። ሰውዬው አጥቦት አያውቅም፣ ያለበት ጨው ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ስቀርፈው ከሥሩ የወጣው ንጹህ ብረት ነው። ዋጋው ግን ከ100 ዶላር ይበልጣል፣ ባህር ውስጥ ደግሞ ቢላ ይጠፋል። በየቀኑ ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ይግዛ፤ በዓመት አንዴ ለሚጠልቅ ግን ገንዘብ መበተን ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ማግናካት የሚባል ብረት ስለትንና ዝገት መከላከልን አስማምቷል ይባላል፣ እውነትም ነው። ክሮሚየሙ 10.7 ብቻ ሆኖ 440ሲን በዝገት መከላከል የሚያስንቅ ነው፣ ምክንያቱም ክሮሚየሙ በካርቦን አልተያዘም። ለመሳል ግን ከ420 ይከብዳል። ለገመድና ለክር ያን ያህል ጥንካሬ ምን ያደርጋል?

ታይታኒየም ከነጭራሹ በባህር ውሃ አይዝግም፣ ከብረትም በ40 በመቶ ገደማ ይቀላል። ስለቱ ለስላሳ ነው፣ ጥርሳሙን ምረጡ። ቢላውን እንደማያጥብ ራሱን የሚያውቅ ሰው እሱን ይግዛ። የሴራሚክ ቢላ አይዝግም፣ ግን አንዴ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ይሰበራል፣ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የአገራችን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሚያወጣው ቢላስ? ለሥጋ እኔ ራሴ ከእሱ ሌላ አልይዝም። ባህር ላይ ግን በአንድ ሌሊት ይቀላል። ለዘመድ ማስታወሻ ብላችሁ ብትልኩ ለበዓል በግ ይቁረጥበት በሉት።

ማግኔትና ማኅተም

ገበያ ውስጥ "ማግኔት ከያዘው የውሸት ነው" የሚል ወሬ አለ። ለድስት ሊሠራ ይችላል፣ ለቢላ ግን ተገልብጧል። 420፣ 440፣ 1.4116 በደንብ የተነከሩ የቢላ ብረቶች ሁሉ ማግኔት ይይዛቸዋል። ማግኔት ጨርሶ ያልያዘው ቢላ ወይ 304 ወይም 316 ነው፣ ወይ ታይታኒየም ነው። ታይታኒየሙን በእጃችሁ ስትመዝኑት በቅለቱ ታውቁታላችሁ። እኔ ኪሴ ውስጥ ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት አለች፣ ለዚህ ትበቃለች።

ስለቱ ላይ "ስቴንለስ"፣ "ኢኖክስ"፣ "ሮስትፍራይ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የተነገራችሁ ነገር የለም፤ ሦስቱም ያው የማይዝግ ማለት ናቸው። "የቀዶ ሕክምና ብረት" የሚለውም የተወሰነ ዓይነት አያመለክትም። ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩን ለመጻፍ የማይደፍር ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው፣ ቁጥር የጻፈ ሁሉ ደግሞ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ለዚያ ነው ሙከራውን ወደ በኋላ የምነግራችሁ።

ስንጥቁ

አንድ ቢላ እንፍታ። አንድ ጠላቂ ልጅ ያመጣው ነው። ስለቱ ላይ አንድ ነጥብ የለም፣ ፊት ያሳያል። "ስለቱን ብቻ ሳልልኝ ጋሼ" አለኝ። እጀታውን ስይዘው ግን ትንሽ ተነቃነቀብኝ። በካቻቪቴ የመጀመሪያውን ብሎን ስፈታ ቡናማ ዱቄት ይዞ ወጣ። ሁለተኛው አንገቱ ላይ ተቆረጠ። ጎማውን ስገፈው የብረቱ ጭራ ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቦርቡሯል፣ መርፌ ብሰድበት ይገባል። እጀታው ውስጥ ያለፈው ብረት ከስለቱ ግማሽ ስፋት ብቻ ነበረው፣ እሱም ተበልቶ አልቋል። አንድ ጠንካራ ገመድ ላይ ቢጎትተው ስለቱ እዚያው ይቀር ነበር። ልጁ ቢላውን አጥቦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ውሃው ግን እጀታው ውስጥ አይደርስም።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ እንዲህ አድርጉ። ብረቱ ሙሉ ስፋቱን ይዞ እስከ እጀታው ጫፍ መድረሱን እዩ። እጀታው በብሎን ተፈትቶ የሚታጠብ ከሆነ ጥሩ፣ ወይም ደግሞ ፕላስቲኩ ብረቱ ላይ ቀልጦ የፈሰሰና ጥፍር የማያስገባ ይሁን። መካከለኛው፣ ማለትም የማይፈታ ግን ክፍተት ያለው፣ ከሁሉ የከፋ ነው። ብሎኑንም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ስለቱ ደህና ብረት ሆኖ ብሎኑ ርካሽ ነው። ነሐስ ወይም ሌላ ብረት ያጌጠበትን ተዉት፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ ተነካክተው ከቆዩ አንዱ ይበላል። የእንጨት እጀታ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛም ቢሆን።

የብረቱ ገጽ የተወለወለ ይሁን። አሸዋ ተረጭቶበት የፈዘዘው ገጽ ያምራል፣ ግን ሸካራነቱ ጨው የሚደበቅበት ሺህ ጉድጓድ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባውም ስለቱን አይሸፍንም፤ ቀለሙ ከተጫረ ደግሞ ዝገቱ ከሥሩ ይሄዳል። በሌዘር የተጻፈ የፋብሪካ ስም ካለ እሱን ተከታተሉ። ብዙ ቢላ ላይ መጀመሪያ ቡናማ የሚሆኑት ፊደሎቹ ናቸው።

አፎቱ ከቢላው እኩል ነው። የቆዳ አፎት ለባህር አይሆንም፣ እርጥበቱንና ጨውን ይዞ ያድራል። ፕላስቲክ ይሁን፣ ከታች ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ብርሃን ላይ አንሱና ቀዳዳውን እዩ፤ ከሌለ አትግዙ። ቢላውን የሚይዘው መቆለፊያ ውስጥ ስፕሪንግ ካለ ማግኔቷን አስጠጉት። በደንብ ከሳበው ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፣ ቀድሞ የሚሄደውም እሱ ነው። መቆለፊያው የለቀቀ ቢላ ባህር ወለል ላይ ነው የሚገኘው፣ ከተገኘ።

እጀታው ደማቅ ይሁን፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ። ጥቁር ቢላ ወድቆ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

የጨው ሙከራ

ይህን እኔ ሱቄ ውስጥ ገዢ ፊት አደርገዋለሁ። ከአንድ ካርቶን የመጣ ዕቃ ከሆነ አንዱን መሞከር ይበቃል። ሌላ ቦታ ከገዛችሁ ደግሞ ለመመለስ ተስማምታችሁ ውሰዱና ቤት ሞክሩት።

በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፣ የባህሩን ልክ ይጠጋል። ቢላውን በሳሙና አጥባችሁ የፋብሪካውን ዘይት አስለቅቁ፤ ዘይቱ ካለ ሙከራው ይዋሻል። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ በጨው ውሃው ነክራችሁ ስለቱንና ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ጠቅልሉት። አፉ ባልታሰረ ፌስታል ውስጥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይዋል። ጨርቁ ሲደርቅ ደግማችሁ አርጥቡት። ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አትዝፈቁት፣ አየርና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙት ነው የሚታወቀው።

ጨርቁን ስትፈቱ ሐመር ቡናማ ነገር ካያችሁና በቤኪንግ ሶዳ ታሽቶ ከለቀቀ፣ ያ ከፋብሪካው የብረት ዱቄት የቀረ ነው፣ አትደንግጡ። ታሽቶ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ፣ የመርፌ ጫፍ የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ለሻጩ መልሱት። ከእጀታው ሥር ቡናማ ውሃ ከወረደም መልሱ፣ ስለቱ የፈለገውን ያህል ቢያበራ።

ስትስሉትና ስታስቀምጡት

የተራ ብረት መቁረጫና መሳያ ግራይንደር ላይ የባህር ቢላ አትስሉ። ድንጋዩ ውስጥ የቀረው የብረት ዱቄት በማይዝገው ብረት ላይ ይለጠፋል፣ በማግስቱ ቢላው የዛገ ይመስላል፣ ቆይቶም እውነተኛ ዝገት ይጀምርበታል። ሙቀቱ ደግሞ የስለቱን ጥንካሬ ይወስዳል፤ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ያ ቦታ አልቋል። በውሃ ድንጋይ፣ በእጅ፣ በቀስታ ነው። በአንድ ወገን ወደ 20 ዲግሪ፣ ለገመድ ብቻ ከሆነ ትንሽ ይስፋ። ጥርሱ ብዙ ጊዜ የተሞረደው በአንድ ወገን ነው፤ በዚያው ወገን ብቻ፣ በክብ የሴራሚክ ወይም የአልማዝ ሞረድ እያንዳንዱን ጎድጓዳ ለየብቻ ሳሉ። ጠፍጣፋውን ወገን አትንኩት፣ የሚነሳውን ቅንጣት ለማስወገድ አንዴ ማለፍ ካልሆነ በቀር። የድስት ማጠቢያ ሽቦም ያው የብረት ዱቄት ጥሎ ይሄዳል፣ አታስጠጉት።

ከባህር ስትወጡ ቢላውን ከአፎቱ አውጥታችሁ ሁለቱንም ለየብቻ በንጹህ ውሃ ንከሯቸው፣ ማስነካት ብቻ አይበቃም። አፎቱን ገልብጡት። እጀታው የሚፈታ ከሆነ ከጉዞ መልስ አንዴ ፈታችሁ በጥርስ ብሩሽ እጠቡት። አድርቁ። ለየብቻ አስቀምጡ፣ አፎት ውስጥ አይደር። በረኪና ግን በጭራሽ። አንዳንዱ "ይጸዳልኝ" ብሎ በበረኪና ይዘፈዝፈዋል፤ በረኪና የሚሠራው ከክሎሪን ነው፣ ከባህሩ የባሰ ይበላዋል።

ዘይት ከፈለጋችሁ ፓራፊን ወይም ሲሊከን ቅባት በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፤ ቢላው አፎቱ ላይ ተጣብቆ ይዘው የመጡ አሉ። ቫዝሊን ስለቱ ላይ ምንም አይልም፣ የጎማ ማሰሪያው ላይ ግን አይድረስ፣ ጎማውን ያበሰብሰዋል።

ቢላ ወይስ መቀስ?

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የያዘው ሁለት ነገር ነው፦ ደረቱ ላይ አጭር ጫፈ ዱልዱም ጥርሳም ቢላ፣ ኪሱ ውስጥ የአምቡላንስ ሠራተኞች ልብስ የሚቀዱበት ዓይነት ጫፈ ክብ መቀስ። ለቀጭን ክር መቀሱ ይሻላል፣ ማንንም አይወጋም፣ ርካሽም ነው። የመቀሱ መጋጠሚያ ብሎን ግን ዝገት ይወዳል፣ በየጊዜው መተካት እንዳለባችሁ አስባችሁ ግዙ። መንጠቆ የሚመስል፣ ውስጡ ትንሽ ምላጭ ያለበት የክር መቁረጫም አለ። ምላጩ ቶሎ ይዝጋል፣ ግን ይቀየራል፣ ቦታም አይወስድም። ገንዘብ ያጠረው ጀማሪ ከእሱ ይጀምር። ቅጥር የሚሠራ፣ የተጠመጠመ ገመድ ከመርከብ ፕሮፔለር ላይ የሚያላቅቅ ሰው ግን ጥርሳም ቢላ ያስፈልገዋል፣ ክርክር የለውም።

በአውሮፕላን የምትሄዱ፣ ቢላው በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ስለቱን ሸፍናችሁ ወደ ጭነት ሻንጣ አስገቡት። የባህር ፓርክ ውስጥ የምትጠልቁ ከሆነ ደግሞ ቢላ መያዝ የሚከለክሉ ቦታዎች ስላሉ አስጎብኚውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ የመጨረሻ ሙከራ እዚሁ ደረቅ መሬት ላይ አድርጉ። ቢላውን ባህር ላይ በምታስሩበት ቦታ እሰሩት፣ ጓንት የምታደርጉ ከሆነ ጓንቱን አድርጉ። አንድ ሰው የረጠበ የናይሎን ገመድና የዓሣ ማጥመጃ ክር ይዘርጋላችሁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝ እጅ መዝዛችሁ ቁረጡ፣ መልሳችሁ አፎቱ ውስጥ ክተቱ፣ ከዚያ በግራ እጅ ድገሙት። በግራ ካልደረሳችሁበት ማሰሪያውን ከእግር ወደ ደረት አምጡት። ክሩ በሁለት ሦስት ጉተታ ካልተበጠሰ ጥርሱ ይሳል፣ ወይ ቢላው ይቀየር።